የሯጭ ደም ሚዛኑን እንዴት ይጠብቃል



ዛሬ የምናገረው በየልምምድ ሜዳው ሳይነሳ ስለማይውል ነገር ነው። አንድ ልጅ 400 ሜትር እየደጋገመ ሲሮጥ ይቆይና በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ላይ እግሩ ይታሰራል፤ ጉልበቱ አልነሳ ይለዋል፤ ጭኑን ይለበልበዋል። «ምን ሆንክ?» ሲሉት «አሲድ ሞላኝ» ይላል። አሰልጣኙም «በርታ፣ ሩጥና አሲዱን አውጣው» ይለዋል። ማታ ደግሞ «ነገ አሲዱ እንዳያምህ በደንብ ታሽ» ይባላል። በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ እውነትና ስህተት ተደባልቀዋል። ስህተቱ የሚጎዳው እኛን አዋቂዎቹን ሳይሆን በእጃችን ያሉትን ልጆች ስለሆነ፣ ሁለቱን መለየት ግዴታችን ነው ብዬ አምናለሁ።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። በየሜዳው «አሲድ» ተብሎ የሚከሰሰው ላክቴት ሰውነት የሚሠራበት ማገዶ ነው። በከባድ ሩጫ ጊዜ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ የአሲዱ መጨመር ነው፤ እሱንም ቢሆን ደም፣ ሳንባና ኩላሊት ተረዳድተው የሚቆጣጠሩት በሚያስደንቅ ሥርዓት ነው። ይህን ሥርዓት ያወቀ አሰልጣኝ መቼ መግፋት፣ መቼ ማረፍ እንዳለበት ያውቃል። ያላወቀው ደግሞ ከሌለ ጠላት ጋር ሲታገል ጊዜውንም ልጁንም ያባክናል።

በ1993 ዓ.ም. መስከረም ወር በሲድኒ ኦሊምፒክ የተካሄደውን የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ገቡ። ሃያ አምስት ዙር ሮጠው የለያያቸው የሰከንድ 9 መቶኛ ብቻ ነው። አማካዩን ብታሰሉት አንዱ ዙር 65 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይደርሳል፤ የመጨረሻው ዙር ግን ከዚያ እጅግ የፈጠነ ነበር። ሰውነታቸው እስከዚያ ድረስ የሚያስፈልገውን ጉልበት በአመዛኙ ከኦክስጅን ጋር በማቃጠል ሲያገኝ ቆይቷል። ደወሉ ሲደወል ኦክስጅን ብቻውን የማይሸፍነው ፍላጎት መጣ። ያን ጊዜ ጡንቻ ያከማቸውን ስኳር፣ ማለትም ግላይኮጅንን፣ በከፍተኛ ፍጥነት ይሰባብራል። ከዚህ ሥራ ላክቴት ይወጣል፤ ሃይድሮጅን አዮንም አብሮት ይጨምራል። ከእነ ኃይሌ በፊት በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ «ማርሽ ቀያሪው» ምሩጽ ይፍጠር በ5,000ም በ10,000ም ሜትር ተፎካካሪዎቹን ጥሎ የሄደው በዚሁ ጉልበት ነው። ያለ ላክቴት እንዲህ ያለ የመጨረሻ ዙር የለም።

ታዲያ ላክቴት እንዴት ጠላት ተባለ? ታሪኩ ረጅም ስለሆነና ስህተቱ የተወለደው እዚያው ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ላክቲክ አሲድን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ስዊድናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ካርል ቪልሄልም ሼሌ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1780፣ ያገኘውም ከኮመጠጠ ወተት ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በእርጎ ውስጥ ያለው፣ የእንጀራ ሊጥ ሲቦካም የሚፈጠረው ያው አሲድ ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ሌላው ስዊድናዊ ያኮብ በርሴሊየስ በእንስሳት ጡንቻ ውስጥ አገኘው። ክሱ የተመሠረተው ግን በ1907 ነው። በዚያ ዓመት በካምብሪጅ ዋልተር ፍሌቸርና ፍሬድሪክ ጎውላንድ ሆፕኪንስ የእንቁራሪት ጡንቻን መረመሩ። ጡንቻው ኦክስጅን አጥቶ ሲሠራ ላክቲክ አሲድ ይከማቻል፤ ኦክስጅን ሲያገኝ አሲዱ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ እንግሊዛዊው አርቺባልድ ሂልና ጀርመናዊው ኦቶ ማየርሆፍ በዚሁ መንገድ ሄደው የ1922ን የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። በዚያን ዘመን እውቀት ላክቲክ አሲድ የጡንቻ መኮማተር ዋና ምክንያት፣ ሲከማች ደግሞ የድካም ምክንያት ሆኖ ተቆጠረ።

እነዚህ ሰዎች ታላላቅ ሳይንቲስቶች ነበሩ፤ ያዩትንም በትክክል አይተዋል። የተሳሳተው ከዚያ የተወሰደው ፍርድ ነው። በደከመ ጡንቻ ውስጥ ላክቴት ስለተገኘ «ያደከመው እሱ ነው» ተባለ። ያ የእንቁራሪት እግር ግን ከአካሉ ተቆርጦ የተለየ ነበር። ደም አይዞርበትም፤ ላክቴቱን የሚቀበል ልብ የለም፤ ጉበት የለም፤ ጎረቤት ጡንቻ የለም። በሕይወት ያለ ሯጭ እንዲህ አይደለም።

በ1930 አይናር ሉንድስጎር የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም ፍርዱን አናጋው። የእንቁራሪትን ጡንቻ ላክቲክ አሲድ እንዳይሠራ በሚያደርግ ኬሚካል መርዞ አሠራው። ጡንቻው ላክቲክ አሲድ ሳያመርት ተኮማተረ፤ ላክቲክ አሲድ ሳይኖርበትም ደከመ። በ1951 ደግሞ ለንደን ውስጥ ብራያን ማካርድል የተባለ ሐኪም አንድ ያልተለመደ ሕመም መዘገበ። ታማሚው ሲንቀሳቀስ ደሙ ውስጥ ያለው ላክቴት አይጨምርም። ዛሬ በማካርድል ስም የሚጠራው ይህ በሽታ ያለበት ሰው በጡንቻው ያለውን ግላይኮጅን መሰባበር አይችልም። የድሮው ፍርድ እውነት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሰው የማይደክም ሯጭ መሆን ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ትንሽ ሲጣደፍ ጡንቻው ይታመማል፣ ይጨመደዳል፣ ቶሎም ይዝላል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የለም።

በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ጆርጅ ብሩክስ የላክቴትን መንገድ ተከትሎ ወዴት እንደሚሄድ አሳየ። በገጠር ያደገ ሰው ኩበትን ያውቃል፤ ከላሚቱ የወጣ ትርፍ ነገር ይመስላል፣ ቤት ሲገባ ግን እሳት ሆኖ ምጣድ ያግላል። ላክቴትም እንዲሁ ነው። በፍጥነት የሚሠራው ጡንቻ ያወጣዋል፤ በደም ተጉዞ ልብ ያቃጥለዋል፤ አጠገቡ ያለው ዝግ ብሎ የሚሠራ ጡንቻ ያቃጥለዋል፤ አንጎልም ይጠቀምበታል። የቀረውን ጉበት መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል፤ ይህን የመጨረሻውን መንገድ ካርል ኮሪና ገርቲ ኮሪ የተባሉት ባልና ሚስት ገና በ1929 ገልጸውታል፤ በ1947ም የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በሩጫ ላይ እያለን ከሚመረተው ላክቴት አብዛኛው እዚያው ሩጫው ውስጥ ይቃጠላል።

ስለዚህ በደም ውስጥ የምንለካው ቁጥር የተመረተውን ብቻ አይነግረንም። የሚነግረን በተመረተውና በተቃጠለው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አንድ ጤናማ ሰው ቁጭ ብሎ ሲለካ በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ 1 ሚሊሞል ገደማ ላክቴት ይገኛል። ማራቶን የሚሮጥ ብርቱ አትሌት ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ለሁለት ሰዓት ይዘልቃል። 400 ወይም 800 ሜትር ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ የሮጠ ሰው ግን ከ15 እስከ 20፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ትዕግስት አሰፋ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር፤ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። አንድ ሰው ከአንዱ ርቀት ወደ ሌላው እንዲህ ሲሻገር በጡንቻው ውስጥ ትልቅ ነገር ይለወጣል። ላክቴትን የሚያቃጥሉት ሚቶኮንድሪያዎች ይበዛሉ፤ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ፕሮቲኖችም ይጨምራሉ። ይህ የዓመታት የልምምድ ፍሬ ነው፤ በአንድ ወር ጥድፊያ አይመጣም።

አሁን ወደ አሲዱ ልግባ። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ የዛሬው ንግግሬ እምብርት ይህ ነውና።

በሰውነታችን ውስጥ ላክቲክ አሲድ እንደ አሲድ ሆኖ አይቆይም። ደማችንና ጡንቻችን ባላቸው ሁኔታ ከሺህ አንዱ ሲቀር ሁሉም ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል፤ አንዱ ላክቴት፣ ሌላው ሃይድሮጅን አዮን። አሲድነት የምንለው ይህ የሃይድሮጅን አዮን ብዛት ነው። አዮኑ የሚመነጨው በትክክል ከየትኛው ኬሚካዊ እርምጃ ነው በሚለው ላይ ሊቃውንት በተለይ ከ2004 ወዲህ አጥብቀው ይከራከራሉ። አሰልጣኝን የሚመለከተው ግን ሁሉም የሚስማሙበት ነው። ላክቴትና ሃይድሮጅን አዮን አብረው ይጨምራሉ፤ ከጡንቻም ወደ ደም በአንድ በር አብረው ይወጣሉ። ላክቴቱ ሲቃጠል ወይም ግሉኮስ ሲሆን ደግሞ ሃይድሮጅኑም አብሮ ይወገዳል። ላክቴት ከጡንቻ ሲወጣ አሲዱን ይዞለት ይወጣል ማለት ነው።

አሲድነት የሚለካበትን ፒኤች የተባለውን መለኪያ ያወጣው ሶረን ሶረንሰን ነው፤ በ1909፣ ኮፐንሃገን ውስጥ በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ። ሉንድስጎርም የሠራው በዚያችው ከተማ ነው፤ ከዚህ በኋላ የማነሳው ክርስቲያን ቦርም እንዲሁ። ለዚህ እውቀት ከኮፐንሃገን ያህል የደከመች ከተማ አላውቅም። በዚህ መለኪያ የጤናማ ሰው ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይኖራል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል አሲዱ ጨመረ ማለት ነው፤ በ0.3 ሲቀንስ የሃይድሮጅኑ ብዛት እጥፍ ይሆናል። ጡንቻ ከደም ይልቅ ትንሽ አሲዳም ነው፤ ሲያርፍ 7 አካባቢ ሆኖ በከባድ ሩጫ ወደ 6.5 ሊወርድ ይችላል። ደም ደግሞ ኃይሉን አሟጦ በሮጠ ሰው ላይ ወደ 7.1፣ አንዳንዴም ወደ 7.0 ይወርዳል። ይህ ቁጥር በሆስፒታል አልጋ ላይ በተኛ ሰው ቢታይ ሐኪሞችን ያስደነግጣል። ሯጩ ግን ጥቂት ይተኛል፣ ያለከልካል፣ ይነሳል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሞላው ደሙ ወደ ቦታው ለመመለስ ተቃርቧል።

አብራችሁኝ አስሉ። ደም በ7.4 ሲሆን በአንድ ሊትሩ ውስጥ ያለው ነጻ ሃይድሮጅን አዮን 40 ናኖሞል ነው፤ ናኖሞል ማለት የሚሊሞል አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ደሙ ወደ 7.0 ሲወርድ 100 ናኖሞል ይሆናል፤ ጭማሪው 60 ናኖሞል ነው። ከጡንቻ ወደዚያ ደም የገባው አሲድ ግን ወደ 20 ሚሊሞል ይጠጋል፤ ይህም 20 ሚሊዮን ናኖሞል ነው። ሃያ ሚሊዮን ገብቶ ስድሳ ብቻ ነጻ ሆኖ ቀረ። ከሦስት መቶ ሺህ በላይ አዮኖች ሲገቡ አንዱ ብቻ ነጻ ይሆናል፣ ሌሎቹ ይያዛሉ ማለት ነው። ይህን ስሌት ለተማሪዎቼ በሠራሁላቸው ቁጥር እደነቃለሁ።

የሚይዛቸው ማነው? ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ የሚሠራው ባይካርቦኔት ነው። በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 24 ሚሊሞል ገደማ አለ። ሃይድሮጅን አዮን ሲመጣ ባይካርቦኔት ይይዘውና ሁለቱ ተዋህደው ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ማለት የተቃጠለ አየር የምንለው ነው፤ በሳንባ ይወጣል። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንም ያግዛል፤ ጡንቻ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችና ካርኖሲን የተባለ ንጥረ ነገርም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ኩላሊትም አሲድ ያስወግዳል፤ የእሱ ሥራ ግን በሰዓታትና በቀናት የሚቆጠር ስለሆነ ለመጨረሻው ዙር አይደርስም። ለመጨረሻው ዙር የሚደርሰው ሳንባ ነው።

የሳንባን ውለታ በቁጥር ላሳያችሁ። ከባድ ሩጫ ባይካርቦኔቱን በግማሽ ቀንሶ 12 አደረሰው እንበል። ሯጩ አተነፋፈሱን ሳይጨምር ቢቀርና በደሙ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት እንደ ዕረፍቱ በ40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ቢቆይ ፒኤቹ 7.1 ይሆናል። አጥብቆ ተንፍሶ ግፊቱን ወደ 30 ካወረደው ግን 7.22 ላይ ይቆማል። ሲያርፍ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር የሚያንቀሳቅስ ሳንባ በሩጫ ከ100 ሊትር በላይ የሚያንቀሳቅሰው ኦክስጅን ለማስገባት ብቻ አይደለም፤ አሲድ ለማስወጣትም ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ዙር ላይ የሚያለከልክ ልጅን «ትንፋሽህን ያዝ፣ አታለክልክ» የሚል አሰልጣኝ ልጁ ራሱን የሚያድንበትን መንገድ እየዘጋበት ነው። ይህ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እባካችሁ አይደገም።

አሲዱ ራሱ ጥቅም አለው። ክርስቲያን ቦር በ1904 እንዳሳየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ሄሞግሎቢን የያዘውን ኦክስጅን በቀላሉ ይለቃል፤ አሲድም እንዲሁ ያደርጋል። አሲዱ የሚበዛው በሚደክመው ጡንቻ ዘንድ ነውና ኦክስጅኑም በብዛት የሚለቀቀው ለሚፈልገው ጡንቻ ነው።

ጭንን የሚለበልበው ታዲያ ምንድን ነው? በዩታ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2014 ያወጡት ሙከራ አለ። ሃይድሮጅን አዮን፣ ላክቴትና ኤቲፒ የተባለውን የጉልበት ሞለኪውል በበጎ ፈቃደኞች የአውራ ጣት ጡንቻ ውስጥ ወጉ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲወጋ ሰዎቹ ምንም አልተሰማቸውም። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን መጠናቸው ሲያንስ የድካም ስሜት፣ ሲበዛ ደግሞ ሕመም ተሰማቸው። ማቃጠሉ እንግዲህ ነርቮች የጡንቻውን ሁኔታ አንብበው ለአንጎል የሚልኩት መልእክት ነው። ጡንቻው በእርግጥ ኃይል የሚያጣበት ምክንያትም ብዙ ነው። ፎስፌት በሕዋሱ ውስጥ መከማቸቱ፣ ካልሲየም እንደልብ አለመለቀቁ፣ ፖታሲየም ከሕዋሱ መውጣቱ ይጠቀሳሉ። አሲድ ኃይልን ይቀንሳል የተባለባቸው የቀድሞ ሙከራዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በቀዘቀዘ ጡንቻ ላይ ነበር፤ በሰውነት ሙቀት ሲደገሙ የአሲዱ ተጽዕኖ እጅግ አንሶ ታይቷል። ክርክሩ ባይዘጋም ጥፋቱን ሁሉ ለአንድ ነገር ብቻ ማሸከም ከእንግዲህ አይቻልም።

ስለ ማግስቱ ሕመም በአጭሩ ልለፍ። ላክቴት ሩጫው ባበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሕመሙ የሚብሰው ግን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። በ1983 የወጣ አንድ ጥናት ሰዎችን በሜዳና በቁልቁለት አስሮጧል። በሜዳ የሮጡት ላክቴታቸው ጨመረ፣ አላመማቸውም። በቁልቁለት የሮጡት ላክቴታቸው አልጨመረም፣ ታመሙ። ሕመሙ የሚመጣው ጡንቻ እየተለጠጠ ሲሠራ ከሚደርስበት ጥቃቅን ጉዳት ነው። ማሳጅ መንፈስን ያሳርፋል፣ ደስም ይላል፤ አሲድ ግን አያወጣም። እንዲያውም በ2010 የካናዳ ተመራማሪዎች ወዲያው ከሥራ በኋላ የሚደረግ እሽት የደም ዝውውርን ስለሚጫን የላክቴቱን መወገድ እንደሚያዘገይ አሳይተዋል። የላክቴትን መወገድ የሚያፈጥነው ቀለል ያለ ሶምሶማ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ተራሮች። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በቆጂ ወደ 2,800 ይጠጋል፤ እንጦጦ ላይ ከ3,000 በላይ ይወጣል። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው አየሩ ስለሚሳሳ አብዝቶ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያንሳል። ኩላሊት ደግሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ ባይካርቦኔትን ያስወግዳል። ፒኤቹ ደህና ነው፤ አሲድ የሚይዘው የባይካርቦኔት ክምችት ግን ከባሕር ጠለል ሰው ያነሰ ነው። ከዚህ የሚከተለው ለአሰልጣኝ ግልጽ ነው። እንጦጦ ላይ የሚሮጥ ከባድ ድግግሞሽ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ካለው ይልቅ የአሲድ ሚዛኑን ቶሎ ይፈትነዋል፤ በመካከሉ የሚሰጠው ዕረፍትም መርዘም አለበት። የአገራችን አሰልጣኞች ቀላሉንና ረጅሙን ሩጫ እንጦጦ ላይ አድርገው ለፍጥነት ሥራ ወደ ሰበታና ወደ አቃቂ የሚወርዱት በልምድ ነው። ያ ልምድ በዚህ ስሌት ሲታይ ትክክል ነው፤ ልትኮሩበት ይገባል።

ላክቴትን መለካት ጥሩ ነገር ነው። የኖርዌይ ሯጮች፣ ከእነሱም የኢንግብሪግትሰን ወንድማማቾች፣ በልምምድ መካከል ከጆሮ ወይም ከጣት ጠብታ ደም እየወሰዱ ፍጥነታቸውን ይመጥናሉ። አስተውሉ፤ የሚለኩት አብዝተው ለመግፋት አይደለም፤ ከተወሰነው መጠን እንዳያልፉ ነው። ይህን የሚያደርግ ሁሉ ግን ጥቂት ወጥመዶችን ይወቅ። ላብ ብዙ ላክቴት ስላለው ቆዳው ታጥቦ ሳይደርቅ የተወሰደ ደም የሐሰት ቁጥር ይሰጣል። ትናንት ረጅም ርቀት ሮጦ በቂ ምግብ ሳይበላ የመጣ፣ በጾም ምክንያትም የግላይኮጅን ክምችቱ የሳሳ ልጅ ዝቅተኛ ላክቴት ያሳያል። አሰልጣኙ «ጎበዝ ሆኗል» ይላል፤ ልጁ ግን ማገዶው አልቆበታል። በየመጽሐፉ የሚጠቀሰው 4 ሚሊሞልም ለሁሉ የሚሆን ድንበር አይደለም፤ አንዱ በ3 ይናወጣል፣ ሌላው በ6 ተረጋግቶ ይሮጣል።

መሣሪያው የሌለን ብዙዎቻችን ነን። ለእኛ ትንፋሽ አለልን። ልጁ እየሮጠ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆርጥ ከተናገረ አሲዱ ሚዛኑን አላወከም። ሁለት ሦስት ቃል እየተናገረ የሚቆርጥ ከሆነ ባይካርቦኔቱ መሥራት ጀምሯል። አንድ ቃል ብቻ ከወጣው ከድንበሩ አልፏል፤ በዚያ ፍጥነት የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። ይህ ከዋጋ ነጻ ነው፤ በየገጠሩ ሜዳም ይሠራል። አንድ ነገር ግን ለዩ። ካረፈ ከብዙ ጊዜ በኋላም ትንፋሹ ያልተመለሰለት፣ ግራ የተጋባ ወይም የሚወድቅ ልጅ ጉዳዩ የልምምድ ላክቴት አይደለም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂድ። ከባድ ኢንፌክሽን ባለበት ሰው ላይ ላክቴት ከ2 በላይ ሆኖ ሲቀር ሐኪሞች የአደጋ ምልክት አድርገው ይወስዱታል።

በመጨረሻ ስለ ሶዳ፤ ይህን ሳልናገር ብወርድ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ለዳቦ የምንጠቀምበት ሶዳ ባይካርቦኔት ነው። ከውድድር በፊት በኪሎ ክብደት 0.2 እስከ 0.3 ግራም ሲወሰድ ከግማሽ ደቂቃ እስከ ዐሥር ደቂቃ በሚፈጁ ሩጫዎች ጥቂት ሊረዳ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል፤ በአበረታች መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም የለም። ነገር ግን 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 18 ግራም ይደርሳል፤ ይህ እጅግ ብዙ ሶዲየም ነው። ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፣ ያስመልሳል፤ በጠገበ ሆድ ላይ ደግሞ አደገኛ ነው። ለአዋቂ ባለሙያ አትሌት ከሐኪም ጋር ተመካክሮ የሚወሰን ጉዳይ ነው። ለታዳጊ ግን በምንም ምክንያት አይሰጥ። የልጅ ጡንቻ አሲድን መቋቋም የሚማረው በልምምድ፣ በምግብና በእንቅልፍ ነው።

እናንተ አሰልጣኞች በየወረዳው፣ በየትምህርት ቤቱ የልጆች እግር የተሰጣችሁ ሰዎች ናችሁ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ በልምምድ መካከል ልጆቹን አነጋግሯቸው፤ ትንፋሻቸውን ስሙ፤ የሰማችሁትንም በደብተር መዝግቡ። እግሩ የታሰረበትን ልጅ አስቁሙት፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ሶምሶማ ያድርግ፤ ካልተመለሰም የዕለቱ ሥራ እዚያ ላይ ያብቃ።